የአየር ፎቶግራፍ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ታሪክ የሚሰጠው ምስክርነት

መግቢያ

የአንድን አገር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ጽሑፍን ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ የገዳማቱ መዝገብ፣ የመንገደኞች ማስታወሻና የመንግሥት ደብዳቤ በየተራቸው ይመረመራሉ። ነገር ግን እነዚህ ጽሑፎች ስለ ጌቶችና ስለ ጦርነት ብዙ ሲናገሩ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ቁጥቋጦው፣ ስለ ወንዙ ዳርና ጎርፍ ስለ ቆፈረው ቦረቦር የሚነግሩን እጅግ ጥቂት ነው። የየጁን መሳፍንት የትውልድ ሐረግ መቍጠር እንችላለን፤ በዚያው ዘመን በመርሳ ሜዳ ላይ ምን ያህል ዛፍ እንደ ነበረ ግን ከዜና መዋዕሉ አናገኘውም።

ስለዚህ የመሬቱን ታሪክ የሚሻ ተማሪ ሌላ ምስክር መጥራት ይኖርበታል። ከእነዚህም ምስክሮች አንዱ ከአይሮፕላን ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት እንሞክራለን። አንደኛ፣ ካሜራ ከአይሮፕላን ጋራ እንዴት እንደ ተገናኘና ወደ አገራችን ሰማይ እንዴት እንደ ገባ፤ ሁለተኛ፣ የካሜራው አቀማመጥ ምስክርነቱን እንዴት እንደሚለውጠው፤ ሦስተኛ፣ ዛሬ በትንሽ አይሮፕላን አካል ላይ በውጭ በኩል የሚታሰረው ትንሽ ካሜራ ይህን ሥራ ለመቀጠል ይችል እንደ ሆነ። በጽሑፉ ውስጥ የፈረንጅ አቆጣጠር የሆነው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት አለበት፤ የቀረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጉዳዩ የመሣሪያ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በወሎ ገበሬ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ አንድ ክስ አለ፤ ይኸውም ደኑን ጨርሶ፣ አፈሩን አሳጥቦ፣ ረኃብን በገዛ እጁ ጠራ የሚል ነው። ይህ ክስ በመጽሐፍም በስብሰባም ብዙ ጊዜ ተደጋግሟል። ክስ ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ማስረጃውም በትክክል ካልተመዘነ ንጹሑ ሰው ይፈረድበታል።

ጥናታችንን በአንድ አካባቢ መወሰን ይሻላል ብለን በሰሜን ወሎ የሚገኙትን ወልድያን፣ መርሳንና የሀብሩን ወረዳ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። መርሳ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ሲሪንቃና ውርጌሳም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ወረዳው በስተ ምዕራብ ከደጋው ግርጌ ተነሥቶ በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በስተ ደቡብ የሚሌ ወንዝ ያዋስነዋል። በአጭር ርቀት ውስጥ ይህን ያህል ከፍታና ዝቅታ ያለበት አገር ለአየር ፎቶግራፍ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከማይጨው ወደ ደሴ የሚወስደው የጦርነት መንገድ በዚሁ አካባቢ ማለፉ ነው፤ ካሜራውም በብዛት ወደ ሰሜኑ አገራችን የመጣው በዚያ ጦርነት ምክንያት ነው።

ካሜራና አይሮፕላን እንዴት እንደ ተገናኙ

ሰው ምድርን ከላይ ሆኖ በፎቶግራፍ ለመቅረጽ የሞከረው አይሮፕላን ከመሠራቱ በፊት ነው። ናዳር በሚል ስም የታወቀው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ በ1858 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አጠገብ በባሉን ወጥቶ ምድሪቱን አነሣ። በ1908 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ ዩልዩስ ኖይብሮነር የተባለው ጀርመናዊ ራሷ ጊዜዋን ጠብቃ የምታነሣ ትንሽ ካሜራ በርግብ ደረት ላይ አስሮ ይለቅ ነበር። ይህ ለብዙ ሰው መሳቂያ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ካሜራው ትንሽ፣ ቀላልና ያለ ሰው እጅ የሚሠራ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ዛሬ በአይሮፕላን ክንፍ ላይ ከሚታሰረው ካሜራ ሐሳብ ጋራ አንድ ነው።

አይሮፕላን በጦርነት ላይ የዋለው መጀመሪያ በአፍሪካ ምድር ነው። ኢጣልያ በ1911 እ.ኤ.አ. ሊቢያን በወጋች ጊዜ ካፒቴን ካርሎ ፒያሳ በአይሮፕላን ወጥቶ የባላጋራውን ሰፈር ቃኘ፤ በሚከተለውም ዓመት ካሜራ ይዞ ወጣ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ቢ.ኢ.2ሲ በሚባለው አይሮፕላናቸው ላይ ካሜራውን ከአካሉ ውጭ በጎን በኩል ያስሩት ነበር። በአይሮፕላኑ የተቀመጠው ሰው እጁን ወደ ነፋሱ አውጥቶ የመስተዋት ሰሌዳውን ይለውጥ ነበር። እንግዲህ ካሜራን በአይሮፕላን ውጭ ማሰር የዛሬ ወጣቶች የፈጠሩት ነገር አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ይኸውም በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የተነዳ ፖቴዝ 25 ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። በ1934 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዋልተር ሚተልሆልሰር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ አብራሪና ፎቶግራፍ አንሺ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተገዛውን ፎከር አይሮፕላን ከአገሩ ድረስ እያበረረ አዲስ አበባ አስገባ። በመንገዱም ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ በዚያው ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳትሟል። የሚተልሆልሰር ፎቶግራፎች በአብዛኛው በዘወርዋራ የተነሡ ናቸው። ተራራው፣ ሸለቆውና ከተማው አንድ ሰው ከኮረብታ ላይ ሆኖ እንደሚያያቸው ሆነው ይታያሉ። ውበታቸው ብዙ ነው፤ ለመለካት ግን አይመቹም። የቅርቡ ነገር ትልቅ፣ የሩቁ ነገር ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ አንድ መለኪያ የለም።

የጠላት ዓይን በሰሜን ኢትዮጵያ ሰማይ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ኅዳር 26 ቀን በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩባት በደሴ ላይ ቦምብ ጣለ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ። ከዚያም በኋላ ጠላት ከቆቦ ሜዳ በወልድያ በኩል አድርጎ ወደ ደቡብ ገሠገሠና ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ያዘ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አይሮፕላኖች የመርዝ ጢስ በሕዝቡ፣ በከብቱና በውሃው ላይ እንዴት እንደ ረጩ ለዓለም ተናገሩ። የዚያ ዘመን ሰው አይሮፕላንን ያወቀው በዚህ ሁኔታ ነው።

በዚሁ ሰማይ ላይ ግን ቦምብ የማይጥል ሌላ አይሮፕላንም ይመላለስ ነበር። የኢጣልያ ወታደራዊ የጂኦግራፊ ተቋም ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ ኢትዮጵያን ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ቆየ። በረራዎቹ ከሁሉ ይልቅ የበዙት በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጦርነቱ የሚደረገው በዚያ ነበር። ከበረራዎቹም አንዳንዶቹ ጦሩ ወደ አዲስ አበባ ከመገሥገሡ በፊት መንገዱን አስቀድመው ያዩ ናቸው። አብራሪዎቹ መንገዳቸውን ያወቁት በ1934 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀ 1፡400,000 መጠን ባለው ካርታ ነበር። ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ከፎቶግራፎቹ 1፡100,000ና 1፡50,000 የሆኑ ዝርዝር ካርታዎች ተሠሩ።

ከዚያ በኋላ እነዚህ ፎቶግራፎች ለብዙ ጊዜ ተረስተው ቆዩ። በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ቤት ውስጥ 8,281 ሰሌዳዎች ሲገኙ የጥናት ዓለም እንደ ገና አወቃቸው። ይህንኑ ነገር የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ገልጠውታል። እያንዳንዱ ሰሌዳ 50 በ20 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ጠንካራ ካርቶን ሆኖ አንድ የጽሑፍ ምልክትና አራት ፎቶግራፎች ተለጥፈውበታል። ጠላት አገሩን ለመያዝ ያዘጋጀው ነገር በአገሩ ዋና ከተማ ቀርቶ የአገሩ ታሪክ ምንጭ ሆነ። ይህ ለታሪክ ተማሪ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው።

አራቱ ዓይኖችና የመለኪያው ጥያቄ

የኢጣልያኖቹ ካሜራ ሳንቶኒ በተባለው ሰው የተሠራ፣ የመስተዋት ሰሌዳ የሚጠቀምና ብዙ ዓይን ያለው ነበር። አራቱ ዓይኖች በአንድ ቅጽበት ይከፈታሉ። አንደኛው በቀጥታ ወደ ታች ያያል። ሁለቱ በግራና በቀኝ በጥቂቱ ያዘነበሉ ናቸው። አራተኛው ደግሞ እጅግ አዘንብሎ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ወደ ሩቅ ይመለከታል። ተከታትለው የተነሡት ፎቶግራፎች 60 በመቶ ያህል ይደራረባሉ። ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም። ሰው ሁለት ዓይን ስላለው ቅርብና ሩቅን እንደሚለይ ሁሉ፣ አንድ ኮረብታ ከሁለት ቦታ በተነሣ ጊዜ ከፍታው ሊለካ ይችላል።

የካሜራው የትኵረት ርዝመት 178 ሚሊ ሜትር ነበር። አይሮፕላኑ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 እስከ 4,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይበር ነበር። በዚህም ምክንያት የመካከለኛው ፎቶግራፍ መጠን በአማካይ 1፡11,500 ሆነ፤ ማለትም በፎቶግራፉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው በመሬት ላይ 115 ሜትር ነው።

አሁን ይህን ቍጥር ይዘን ወደ ሀብሩ እንውረድ። 1፡11,500 የሚለው መጠን የሚሠራው ከአይሮፕላኑ እስከ መሬቱ ያለው ርቀት 2,050 ሜትር ያህል በሆነበት ቦታ ነው። ይህም ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላለ ደጋ ይስማማል። መርሳ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አይሮፕላኑ በ4,250 ሜትር ከፍታ ሳይወርድና ሳይወጣ ቢያልፍባት ከመሬቱ ያለው ርቀት 2,650 ሜትር ይሆናል። ይህን በ178 ሚሊ ሜትር ስናካፍለው መጠኑ 1፡14,900 ያህል ይመጣል። እንግዲህ እያንዳንዱ ጎኑ 100 ሜትር የሆነ የአንድ ሄክታር ማሳ በደጋው ፎቶግራፍ ላይ 8.7 ሚሊ ሜትር፣ በመርሳው ላይ ግን 6.7 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታያል።

ልዩነቱ የ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ስፋቱን ያስላ። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው የመርሳውን ፎቶግራፍ በደጋው መለኪያ ቢለካው የአንዱን ሄክታር ማሳ 0.6 ሄክታር ብቻ ያደርገዋል። በአጠገቡ ያለውንም የዛፍ ቦታ እንዲሁ ያሳንሰዋል። ያንኑ ቦታ ዛሬ በትክክለኛ መሣሪያ ለክቶ ቢያወዳድረው፣ ምንም ሳይለወጥ ማሳው በብዙ የተስፋፋ ይመስለዋል። ከዚያም ገበሬው በሰማንያ ዓመት ውስጥ ወደ ደኑ ገፋ ብሎ ይጽፋል። የቆላውን ፎቶግራፍ መለኪያ ለደጋው የተጠቀመ ሰው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ይጽፋል። ወረዳው ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ በመሆኑ ለአንድ በረራ አንድ መለኪያ መስጠት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ለአንዱ ፎቶግራፍ ለየክፍሉ፣ መጠኑን ለብቻው ማስላት ግድ ነው። በገበሬው ላይ ከመፍረድ በፊት መለኪያውን መመርመር ያስፈልጋል የምንለው ስለዚህ ነው።

የወሎ ዛፍ በዛ ወይስ አነሰ?

ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ መምህር በ1998 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በወሎ የደን መጥፋት በእርግጥ የሆነ ነገር ነው ወይስ የማይጨበጥ ምስል ብሎ ጠይቆ ነበር። ማስረጃው በ1937 እ.ኤ.አ. ኢጣልያኖች በወሎ ያነሡዋቸው ፎቶግራፎች ናቸው። እነዚህ ከመሬት ላይ የተነሡ ሲሆኑ ክረሚ በ1997 እ.ኤ.አ. የዚያኑ አገር መልክ እንደ ገና በፎቶግራፍ አስነሥቶ አወዳደራቸው። ያገኘው ውጤት ብዙ ሰው የሚጠብቀው አልነበረም። በ1997 የታየው ዛፍ በ1937 ከታየው ይበልጥ ነበር።

ከብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ወሎ የቃሉን ወረዳ የ1958 እና የ1986 እ.ኤ.አ. የአየር ፎቶግራፎች አነጻጽረው ቁጥቋጦውና ደኑ እንደ ቀነሰ፣ ባዶ መሬቱና የመኖሪያው ቦታ እንደ ሰፋ አመልክተዋል። እነሆ በአንድ ወሎ ላይ ሁለት ምስክር ተለያይቶ ቆመ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም። አንደኛ፣ መነሻ ዓመታቸው የተለያየ ነው፤ በ1937 ትንሽ የነበረ ዛፍ በ1958 በዝቶ እንደ ገና ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሚቈጥሩት ነገር አንድ አይደለም። በቤት አጥር ዙሪያና በማሳ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ አለ፤ በኮረብታው ላይ ሳይተከል የበቀለ ወይራ፣ ጽድና ግራርም አለ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለ ሆነ፣ በ1928 ዓ.ም. ገና ወደ ገጠሩ በሰፊው አልተዛመተም ነበር። ገበሬው ባሕር ዛፍ እየተከለ በኮረብታው ያለው ቁጥቋጦ ቢሳሳ ሁለቱም ጥናቶች እውነት ይናገራሉ። ሦስተኛ፣ ከመሬት ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ የኮረብታውን ፊት ያሳያል እንጂ ጀርባውን አያሳይም፤ ከአየር ላይ የተነሣው ሁሉንም ያሳያል፤ ነገር ግን በጥቁርና በነጭ የታተመ ሰሌዳ ላይ ባሕር ዛፉን ከጽዱ ለመለየት እጅግ ያስቸግራል።

ኒሰንና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሌላ ጥናትም ከዚህ ጋራ መታየት ይገባዋል። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ከጦሩ ጋራ የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች በመንገዳቸው ያነሡትን አገር፣ አጥኚዎቹ ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው አነሡት። መሬቱ በዚያን ጊዜም የተራቆተ እንደ ነበረና ዛሬ በብዙ ቦታ ዕፀዋቱ እንደ ተሻሻለ አገኙ። እንግዲህ በአያቶቻችን ዘመን አገሩ ሁሉ ደን ነበረ የሚለው አባባል በጭፍን ሊወሰድ አይገባም። እንዲህም ስንል የአፈሩን መታጠብ አንክድም፤ የምንክደው ነገሩ በአንድ ትውልድ ጥፋት የመጣ ነው የሚለውን ፍርድ ነው።

በትንሽ አይሮፕላን ውጭ የሚታሰር ካሜራ

ከኢጣልያኖቹ ፎቶግራፎች በኋላ የ1958–1964 እና የ1994 እ.ኤ.አ. የአየር ፎቶግራፎች አሉ። ዛሬ ደግሞ ከሳተላይት የሚወርድ ምስል አለ። ይሁን እንጂ አንድን ቦረቦር በየዓመቱ እየተከታተለ ለሚያጠና ሰው ርካሽና ቅርብ የሆነ መሣሪያ ይጠቅመዋል። ለዚህ ብዙዎች የሚያስቡት አክሽን ካሜራ የሚባለውን ትንሽ ካሜራ ነው። ከእነዚህ የታወቀው ጎፕሮ ሲሆን ኩባንያው በ2002 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ የመጀመሪያውን ካሜራ በ2004 እ.ኤ.አ. ሸጠ፤ ያም በፊልም የሚሠራ ነበር። የዛሬዎቹ ክብደታቸው ከ200 ግራም በታች ነው።

ይህን ካሜራ በአንድ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ክንፍ ድጋፍ ላይ ብናስረው ምን ይገጥመዋል? መጀመሪያ የሚታሰበው ነፋሱ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር በሚበር አይሮፕላን ላይ ስፋቱ 7 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነን ካሜራ ነፋሱ የሚገፋው የ300 ግራም ክብደት ባለው ኃይል ያህል ነው። ይህ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው መያዣው ነው። በመሳብ የሚጣበቀው የጎማ መያዣ የሚይዘው በውጭ ያለው አየር ስለሚጫነው ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ አይሮፕላኑ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር መያዣው ይላላል። እንደ ወሎ ላለ ደጋ አገር ስለዚህ በብረት ተቆልፎ የሚጠብቅ መያዣ ይሻላል፤ ከእርሱም ጋራ ካሜራው ቢላቀቅ አንጠልጥሎ የሚያስቀር ገመድ ያስፈልጋል። ወድቆ ጭራውን ቢመታ ወይም ከታች ባለ ሰው ላይ ቢወድቅ የሚያደርሰው ጉዳት ታላቅ ነው። ደግሞም በአይሮፕላን ውጭ ማናቸውንም ነገር ማሰር የአይሮፕላኑን ደኅንነት የሚነካ ስለ ሆነ ለአብራሪው ፈቃድ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የጥገና ባለሙያውና የሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን ሊያውቁት ይገባል።

ሦስተኛውና ለታሪክ ተማሪ ዋና የሆነው የምስሉ ታማኝነት ነው። የሳንቶኒ ካሜራ ሰሌዳውን በአንድ ቅጽበት ያበራው ነበር። አክሽን ካሜራው ግን በአብዛኛው ምስሉን መስመር በመስመር እየተከተለ ያነባል። የመጀመሪያው መስመር ሲነበብና የመጨረሻው ሲነበብ አይሮፕላኑ ተንቀሳቅሷል፤ ሞተሩም አንቀጥቅጦታል። በዚህ ምክንያት የሚሽከረከረው ውልብልቢት እንደ ማጭድ ጎብጦ ይታያል፤ የማሳውም ድንበር ሊወላገድ ይችላል። ዓይኑም እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ በምስሉ ዳር ያለ ቀጥተኛ መንገድ እንደ ቀስት ይታጠፋል። ውልብልቢቱ ሲጎብጥ ያየ ሰው የካሜራው ስሕተት መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ የማሳ ድንበር ሲጎብጥ ግን ማንም አያውቅበትም።

ይህ ሁሉ ሊታረም ይችላል። በመካከልና በዳር ያለውን የመጠን ልዩነት አስቀድሞ በመለካት፣ ካሜራውን በቀጥታ ወደ ታች በማስተካከልና በመሬት ላይ ርቀታቸው የታወቁ ምልክቶችን በማኖር ጥሩ ውጤት ይገኛል። የመደራረቡም ሕግ አልተለወጠም። አንዱ ምስል በበረራው አቅጣጫ 400 ሜትር መሬት የሚሸፍን ከሆነ 60 በመቶ እንዲደራረብ በየ160 ሜትሩ መነሣት አለበት፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ለሚበር አይሮፕላን ይህ በየ4 ሰከንዱ ያህል ነው። ሳንቶኒ በመስተዋት ሰሌዳ የጠበቀውን ሕግ የዛሬው ተማሪም ሊጠብቀው ይገባል።

ፎቶግራፉ የማይናገረው

የአየር ፎቶግራፍ ብዙ ያያል፤ ነገር ግን ዲዳ ነው። ማሳውን ያሳየናል፤ ማሳው የማን እንደ ነበረ፣ ርስት ይሁን ጉልት፣ ማን እንዳረሰውና ማን እኩሉን እንደ ወሰደው አይነግረንም። በ1928 ዓ.ም. እና በ1986 ዓ.ም. በተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች መካከል የአምስት ዓመት ወረራ፣ የ1965–1966 ዓ.ም. ረኃብ፣ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ አልፈዋል። መሬቱ መለወጡን ብናይ ከእነዚህ በየትኛው ምክንያት እንደ ሆነ ፎቶግራፉ ብቻውን አይመልስልንም።

የወቅቱም ነገር አለ። በሀብሩ የበልግ ዝናብና የክረምት ዝናብ አለ፤ ጤፉና ማሽላውም የሚታጨዱት በአንድ ወር አይደለም። በኅዳር የተነሣ ፎቶግራፍ ከመጋቢቱ ጋራ ቢወዳደር ማሽላ የቆመበት ማሳ ቁጥቋጦ፣ የታጨደው ጠፍ መሬት መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አጥኚው ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ካሜራው ከላይ ሆኖ የሰውን ፊት አያይም። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የወሎን ረኃብ ለዓለም የገለጠው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያቀረበው ፊልም ነው፤ ያም በመሬት ላይ፣ በተራበው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የተነሣ ነበር። ከአየር ላይ ቢሆን የሚታየው የደረቀ ማሳ ብቻ ነው፤ የደረቀ ማሳ ደግሞ በየበጋው አለ።

ስለዚህ የአየር ፎቶግራፉንና የሽማግሌውን ቃል አንድ ላይ ማስቀመጥ ይገባል እንላለን። ፎቶግራፉ የቦረቦሩን ርዝመት ይሰጠናል፤ ቦረቦሩ ከየትኛው ክረምት በኋላ እንደ ተከፈተ፣ ስሙንም ማን እንዳወጣለት፣ በፊት በዚያ ምን ይዘራ እንደ ነበረ የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ነው። በሌላ በኩል የሰው ትዝታ የልጅነቱን አገር ለምለም ያደርገዋል፤ ፎቶግራፉ ይህን ያርመዋል። አንዱ ለሌላው ዳኛ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ዘረዘርነው፣ ካሜራው በመስተዋት ሰሌዳ ቢሠራም በጎፕሮ ቢሠራም፣ በአይሮፕላኑ ሆድ ቢሰቀልም በክንፉ ላይ ቢታሰርም፣ ምስክርነቱ የሚጸናው ከየት ሆኖ፣ በምን ከፍታ፣ በየትኛው ወር እንዳየ ሲታወቅ ብቻ ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚቀርብ ፎቶግራፍ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ይቈጠራል።

ለዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች አንድ ሥራ እናመለክታለን። የ8,281ዱን ሰሌዳዎች ዝርዝር ይዞ ከወልድያ እስከ ሚሌ ወንዝ ያለውን መንገድ የሚመለከቱትን መለየት፤ ለእያንዳንዳቸው እንደ መሬቱ ከፍታ ትክክለኛውን መጠን ማስላት፤ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፎቶግራፎችና ከዛሬው ምስል ጋራ ማመሳከር፤ ከዚያም ሥዕሎቹን በትልቁ አሳትሞ ወደ መርሳ፣ ወደ ሲሪንቃና ወደ ውርጌሳ ይዞ በመሄድ የአገሩን አረጋውያን መጠየቅ ነው። የመሐንዲሱ ልኬትና የታሪክ ተማሪው ጥያቄ አብረው ሲሄዱ ሥራው ከባድ አይሆንም።

ኢጣልያኖቹ ይህችን ምድር ያነሧት ሊገዟት ነበር። አምስት ዓመት ቆይተው ሄዱ፤ ሥዕሏ ግን እዚሁ ቀረ። በዚያ ሥዕል ላይ ያለው ማሳ የታረሰው በኢትዮጵያዊ ገበሬ በሬ ነው፤ ስለዚያ ገበሬ የሚጻፈው ታሪክም በትክክል የተለካ ሊሆን ይገባዋል።